ከሚጎትተው ይልቅ የሚገታው
ከአዲስ አበባ እስከ ደጀን

በዚህ የቤተሰብ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ተብሏል። ዛሬ ግን ወደ ጋራዥና ወደ አውራ ጎዳና ወጣ እንላለን። ይህን ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ እንዲህ ያለውን መኪና የሚሻ ቤተሰብ ወይም ማኅበር ዓይኑን የሚጥለው አገር ውስጥ ባገለገለው ላይ ነው። ዕቃ ወይም ቤት አስሮ የሚጎትት መኪና ለሚፈልግ ደግሞ ምርጫው የበለጠ ጥንቃቄን ይጠይቃል። እኛ ይህን የተማርነው በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ነው።

በዚያን ጊዜ ከአካዳሚ ተመርቀን ከዓባይ ማዶ ወደሚገኘው የጦር ሰፈራችን ከደረስን ገና ጥቂት ወራት ነበር። የሰፈሩ የወታደር ሚስቶች የቁጠባና ብድር ማኅበር ነበራቸው። ከሠላሳ ስድስት ቤት ከተጠራቀመው ገንዘብ ከፍለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ የተረፈ ተጎታች ቤት፣ በተለምዶ ካራቫን የሚባለውን፣ ገዝተዋል። ሐሳባቸው ቤቱን ወደ ልምምድ ሜዳና ወደ ገበያ እየወሰዱ ሻይ፣ ዳቦና ትኩስ ምግብ ለመሸጥ ነበር። ቤቱ ተገኘ፤ ጎታቹ ግን አልተገኘም። በመሆኑም ከቀሪው ቁጠባና ከብድር በተገኘው ገንዘብ ያገለገለ መኪና መርጠን፣ ካራቫኑን አስረን እንድንመለስ ሦስት ሰዎች ተላክን፤ እነርሱም የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ወይዘሮ፣ ከሃያ ዓመት በላይ መሪ የጨበጡ አንጋፋ ሻለቃ ባሻ እና እኛ ነበርን።

አዲስ አበባ እንደ ደረስን ሻለቃ ባሻው በመጀመሪያ የጠየቁት መኪና ሳይሆን ሚዛን ነበር። «ሸክሙን ሳናውቅ በቅሎ አንገዛም» አሉ። ካራቫኑ ምድጃው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ድስቱና ጠረጴዛው ሁሉ ገብቶበት፣ የውሃ በርሜሉም ተሞልቶ በተከራየነው የጭነት መኪና ወደ ሚዛን ተወሰደ። 1,350 ኪሎ ግራም ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ውስጥ 100 ኪሎው ውሃ ብቻ ነበር። ወይዘሮዋ «ውሃስ ስንደርስ እንቀዳለን» ብለው በርሜሉን አስደፉት። ያለ አንዳች ወጪ ሸክማችን ወደ 1,250 ኪሎ ዝቅ አለ።

በእንግሊዝ አገር ካራቫን በሚጎትቱ ሰዎች ዘንድ አንድ የቆየ ምክር አለ። ይኸውም ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው የሚጎትተው ሙሉ ሸክም ከመኪናው ባዶ ክብደት 85 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ነው። በዚህ ስሌት ለእኛ የሚበቃው መኪና ቢያንስ 1,470 ኪሎ የሚመዝን መሆን ነበረበት።

መጀመሪያ ያየነው መኪና ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ቤንዚን ነበር። ወንበሩ አዲስ፣ ራዲዮው ግሩም ነው። እውነቱን ለመናገር እኛን ማርኮናል፤ እንዲገዛም አጥብቀን ተከራክረናል። ክብደቱን ብናጣራ ግን 1,300 ኪሎ ያህል ሆነ። ወይዘሮዋ ጥቂት አሰቡና፣ «መቶ አለቃ፣ ይህ መኪና የሚመዝነው ከቤታችን እኩል ነው። ቁልቁለት ላይ ማን ማንን ይጎትታል?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

ሁለተኛው ፒክአፕ ነበር። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ጠበቀን። ሻለቃ ባሻው ይህን አልወደዱትም፤ የሞተር ጤና የሚታወቀው ሌሊቱን አድሮ በቀዝቃዛው ሲነሣ ነውና። ደላላው «አንድም ቀን ጎትቶ አያውቅም» አለ፤ የመጎተቻው ኳስ ግን ተፍቆ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ሻለቃ ባሻው ካርቶን አንጥፈው ከሥሩ ገቡ። ሻሲው ከመጎተቻው አጠገብ ተሰንጥቆ ተበይዷል፤ በላዩም ቀለም ተቀብቷል። አመስግነን ሄድን።

ሦስተኛው ረጅም ላንድክሩዘር ነበር፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ተርቦ የሌለው። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ወንበሩም ተቀዷል። ይሁን እንጂ ክብደቱ ከሁለት ቶን በላይ ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ገጠመ። በማግስቱ ጠዋት በቀዝቃዛው ሲነሣ፣ ዘይት እንደሚበላ የሚጠቁመው ሰማያዊ ጭስ፣ ወይም ውሃ ወደ ሞተሩ እንደሚገባ የሚጠቁመውና የማያቋርጠው ነጭ ጭስ አልታየም። ሻለቃ ባሻው የእጅ ፍሬኑን ይዘው በከፍተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ለቀቁ፤ ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። ቢንሸራተት ኖሮ ሞተሩ መሽከርከሩን ይቀጥል ነበር።

ከዚያም ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣን። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ አንድ በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። ስለዚህ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ላይ ሩብ ያህል ኃይሉ የለም ማለት ነው። መኪናው ዳገቱን ያለ ጭንቀት ወጣ፤ የሙቀት መለኪያውም ከቦታው አልተነቃነቀ። እኛ በዚህ ተደስተን ሳለ ሻለቃ ባሻው፣ «ዳገትማ ቢያቅተው ይቆማል፤ ቢቆም ደግሞ እናፍራለን እንጂ አንሞትም። የምገዛው ሲወርድ አይቼ ነው» አሉ። በሁለተኛ ማርሽ ሲወርዱም ሞተሩ ራሱ መኪናውን ገታው።

መኪናው ተገዛ። ከገንዘባችን ለጥገና አስቀድመን የለየነው ስለ ነበር፣ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት አስቀየርን። የፍሬን ዘይት በዕድሜው እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ እርጥበት የጠጣው ግን በ140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ከፈላ ደግሞ መርገጫው ወለል ድረስ ይሰምጣል፤ መኪናውም አይቆምም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ካራቫኑን አሰርን። ምድጃውንና ሲሊንደሩን ከጎማው አክሰል በላይ አደረግናቸው። መጎተቻው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከካራቫኑ ከ5 እስከ 7 በመቶ እንዲሆን ይመከራልና፣ የእኛን ከ60 እስከ 90 ኪሎ ባለው ውስጥ አደረግነው። የካራቫኑም ፍሬን ተፈተሸ። ይህ ፍሬን የሚሠራው መኪናው ሲቀንስ ካራቫኑ ከኋላ በሚገፋው ግፊት ነው።

ሱሉልታንና ጫንጮን አልፈን ሄድን። ወሩ ኅዳር በመሆኑ በሜዳው ላይ ጤፍ ይታጨድ ነበር። ሙከ ጡሪ አካባቢ አንድ አውቶቡስ በኃይል ሲቀድመን፣ ካራቫኑ በንፋሱ ተመትቶ ከኋላችን እንደ እባብ መወዛወዝ ጀመረ። እኛ «ፍሬን!» ብለን ጮኽን። ሻለቃ ባሻው ፍሬን አልነኩም፤ መሪውን ቀጥ አድርገው እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው አነሡ። ውዝወዛው በረደ። ከዚያ በኋላ ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት አላለፍንም። የደብረ ሊባኖስን መገንጠያ፣ ገብረ ጉራቻንም አልፈን ጎሀ ጽዮን ደረስን።

እዚያ ሻይ ጠጥተን ጎማውንና መጋጠሚያውን እንደገና መረመርን። ከፊታችን ምድሪቱ ተሰንጥቃ ትታያለች። ከጎሀ ጽዮን እስከ ወንዙ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። በወረቀት ላይ አሰላነው፤ ከ3.5 ቶን በላይ የሚመዝን መኪናና ካራቫን ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 140 ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ይህን ሁሉ ሙቀት ሞተሩ ካልተካፈለ የሚሸከመው ፍሬኑ ብቻ ነው።

ሻለቃ ባሻው ከመውረዳቸው በፊት ዝቅተኛ ማርሽ አስገቡ። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተቆልምሟል። ፍሬኑን አልፎ አልፎ ጠበቅ አድርገው ይረግጣሉ፤ ወዲያው ይለቃሉ፤ በላዩ ላይ ግን አይተኙበትም። በአንድ መታጠፊያ ላይ ጎማው የሚጨስ የጭነት መኪና ቆሞ አገኘን። ሾፌሩ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጎ እስኪበርድ ይጠብቃል። ሲቃጠል የነበረው የፍሬን ሸራ ሽታ እስከ እኛ ደረሰ። ወይዘሮዋ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ የማኅበሩን ደረሰኝ የያዘውን ቦርሳ ብቻ ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

ግማሽ ቁልቁለት ላይ ሰፊ ቦታ አግኝተን ቆምን፤ ታኮ አደረግን። ወይዘሮዋ ወርደው እጃቸውን ሳያስነኩ ወደ ጎማው አስጠጉ። «ሞቋል፤ አይሸትም ግን» አሉ። ሻለቃ ባሻውም፣ «እንግዲያው ገንዘብዎ በደኅና ቦታ ውሏል፣ እመቤቴ» ሲሉ መለሱላቸው። እኛ በዚያ ሰዓት ስለ ነጩ መኪና አሰብን። በእኛ ምርጫ ቢሆን ኖሮ የሠላሳ ስድስት ቤት ቁጠባ፣ ከዚያም የሚበልጠው የሦስት ሰው ሕይወት፣ በዚህ ገደል አፋፍ ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል አየን።

በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀውን፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻገርን። ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ነበር። በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተትን ወጣን፤ ከኋላችን የተሰለፉትን ለማሳለፍም በየቦታው ዳር ያዝን። የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል ቆመን አሳረፍነው። ቀኑ ሲያጋድል ደጀን ገባን። ወይዘሮዋ ስልካቸውን አውጥተው ለማኅበሩ ሊቀመንበር የተናገሩት «ተሻግረናል፤ ቤቱም ደኅና ነው» የሚል ብቻ ነበር። ከወዲያ የተነሣው እልልታ ለእኛም ተሰማን።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ የሚጎትት መኪና ስትመርጡ አስቀድማችሁ ሸክማችሁን መዝኑ፤ የምትሄዱበትን መንገድም አስቡ። መኪናውን በቀዝቃዛው አስነሡ፤ ከሥሩም ግቡ። ከገንዘባችሁ ለፍሬን የሚሆነውን ለዩ። ከባለቤታችሁ ጋር ተማከሩ፤ እኛ ያላየነውን ያዩት ወይዘሮዋ ነበሩና። ብዙ መኪና ይጎትታል፤ ቤተሰብ የሚያሳፍሩበት መኪና ግን የሚገታው ነው እንላለን።