ስም ያልተጻፈባቸው ጉብታዎች

ከሩቅ ለሚያየው የድንጋይ ክምር ነው፤ እረኛ ተቀምጦ ከብቱን የሚቃኝበት፣ ፍየል የሚንጠላጠልበት፣ ገበሬም ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ የሚጨምርበት። ቀረብ ብሎ ለሚመረምረው ግን ክምሩ ሥርዓት አለው። ዙሪያውን ትልልቅ ድንጋዮች ክብ ሠርተው አቅፈውታል፤ ከላይ ያለውም ድንጋይና አፈር እንዲያው የተጣለ ሳይሆን በእጅ የተደለደለ ነው። ከሥሩ፣ እንደ ሕዝቡ ልማድ፣ ጉድጓድ ወይም በድንጋይ የተገነባ ጠባብ መግቢያ ያለው ክፍል ይገኛል። አናቱ ጎድጉዶ ከታየ ወይ ጣራው ተደርምሷል፣ አለዚያም ወርቅ ፈላጊ ቀድሞ ደርሶበታል። ከዓባይ ዳር እስከ ቱርካና ሐይቅ፣ ከጨርጨር ተራሮች እስከ መንዝ ድረስ እንዲህ ያሉ የመቃብር ጉብታዎች ሞልተዋል። በብዙዎቹ ላይ አንድም ፊደል ስለሌለ፣ የሠሯቸው ሰዎች ታሪክ የሚነበበው ከአቀባበራቸው ነው።

ጉብታ ሲባል መጀመሪያ ለኅሊና የሚመጣው ንጉሥ ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለ። በሰሜን ሱዳን ከርማ በተባለው ስፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2500 እስከ 1500 ዓመት ገደማ የዘለቀ መንግሥት ገዥዎቹን ቀብሮባቸው የነበሩት ጉብታዎች የትልልቆቹ ስፋት ወደ 90 ሜትር ይደርሳል። አሜሪካዊው ጆርጅ ራይስነር እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 1916 ባደረገው ቁፋሮ፣ ከአንደኛው ጉብታ ሥር ከ300 በላይ ሰዎች ከጌታቸው ጋር ተቀብረው አገኘ፤ እርሱን ተከትለው እንዲሞቱ የተደረጉ ናቸው ሲልም ተረጎመው። ቀደም ባለ ዘመን ከተሠራ ሌላ ጉብታ ፊት ደግሞ ከ4,000 በላይ የከብት የራስ ቅሎች በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተደርድረው ተገኝተዋል። በእንዲህ ያለው ጉብታ ሥር የሚከበረው አንድ ሰው ነው፤ የቀረው ፍጡር፣ ሰውም ሆነ ከብት፣ ለክብሩ የቀረበ ስጦታ ነው።

በኬንያ ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ ሎታጋም በተባለው ስፍራ ያለው መቃብር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በዕድሜም ከከርማ ጉብታዎች ይቀድማል፤ የተሠራው ከ5,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ባሉት ጥቂት መቶ ዓመታት ነው። ጊዜው ዝናብ የቀነሰበት፣ ሐይቁ ከዳርቻው የሸሸበት፣ በአካባቢውም ከብት ማርባት ገና የተጀመረበት ነበር። ሰዎቹ 30 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ መደብ ሠሩ፤ መካከሉንም ቆፍረው ሙታናቸውን በተራ በተራ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ፣ አጠጋግተው ቀበሩበት። እ.ኤ.አ. በ2018 የኤልዛቤት ሂልደብራንድና የባልደረቦቻቸው ጥናት ሲታተም፣ በዚያ ያረፉት ሰዎች ቢያንስ 580 እንደሚሆኑ ተገመተ። ጉድጓዱ በሞላ ጊዜ ቀባሪዎቹ በድንጋይ ከደኑት፤ አንዳንዶቹን ከአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት አምጥተው ትክል ድንጋዮችንም አቆሙበት።

እጅግ የሚያስደንቀው ግን የክፍፍሉ ነገር ነው። ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ሕፃን ሁሉም በአንድ ስፍራ ዐርፈዋል፤ ጌጥ ያልተደረገለትም የለም ለማለት ይቻላል። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ዶቃ፣ የጉማሬ ጥርስ ቀለበት፣ ባለ ቀለም የድንጋይ ጨሌ ከሕፃናቱም ጋር ተገኝቷል። ለአንዱ ሟች ከ400 በላይ የበረሃ አይጥ የፊት ጥርሶች ተለቅመው ጌጥ ተሠርቶለታል። የአይጥ ጥርስ ነገር ለሳቅ ያመች ይሆናል፤ ነገር ግን ለአንድ ሟች ሲባል ከመቶ በላይ አይጦች ማጥመድ፣ ጥርሳቸውንም አንድ በአንድ መልቀም የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ ማሰብ ይበቃል። ቀደም ሲል ትልቅ ሐውልት ካለ ትልቅ ጌታ፣ ትልቅ ጌታ ካለም የሚገዛለት ሕዝብ ሊኖር ግድ ነው ይባል ነበር። በሎታጋም ግን ጌታው አልተገኘም። አዛዥ ሳይኖርባቸው፣ ዝናቡ በከዳቸው ጊዜ በሙታናቸው ዙሪያ የሚሰባሰቡ እረኞች ይህን ሠርተዋል ብሎ ማመን የተሻለ ነው።

በዚያው አካባቢ፣ በካሎኮል አጠገብ፣ ቱርካናዎች ናሞራቱንጋ የሚሉት የትክል ድንጋዮች ስፍራ አለ፤ ትርጉሙ «የድንጋይ ሰዎች» ነው። ሲጨፍሩ ሳለ በመንፈስ ላይ በማላገጣቸው ድንጋይ ሆነው ቀሩ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1978 ሊንችና ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ድንጋዮቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ቦረናዎች ለቀን መቁጠሪያቸው ከሚከተሏቸው ከዋክብት ጋር ተስተካክለው የቆሙ ናቸው አሉ። ኋላ ግን ድንጋዮቹ የኮምፓስ መርፌ የሚያዛቡ መሆናቸው ታወቀ፤ የዘመን ልኬታውም ስፍራው ከተባለው በሺህ ዓመታት የሚቀድም፣ የሎታጋም ዘመን ሥራ መሆኑን አሳየ። የቦረናዎች የከዋክብት ዕውቀት እንደሆነ ያለ ድንጋዮቹም የቆመ ነው።

የድንጋይ ክምርን ለጠፋ ወይም ለሌላ ሕዝብ መስጠት በኢትዮጵያም የተለመደ ነው። በሐረርጌ ጨርጨር ኦሮሞዎቹ «ዳጋ ቱሊ»፣ ማለትም የተቆለለ ድንጋይ፣ የሚሏቸውን ጉብታዎች ሀርላዎች ሠሯቸው ይባላል። ካፑሲናዊው አባ አዛይስ በ1920ዎቹ፣ ሮዤ ዡሶም ደግሞ በ1970ዎቹ መርምረዋቸዋል። የመንዝና የአካባቢው ደጋ ጉብታዎች ነገር ከዚህ ይልቅ ያሳስባል። ፈረንሳውያኑ ፎቬልና ፑዋሶኒዬ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት መጽሐፍ ባለቤቶቹን የ«ሻይ» ባህል ሰዎች ብለው ሰይመዋቸዋል፤ ስያሜው የመጠጡ ሳይሆን የወንዙ ነው። እነዚህ ሰዎች ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአንድ ወገን የክርስቲያኑ መንግሥት በሌላው ወገን የእስልምና ሡልጣኔቶች ባሉበት፣ ከሁለቱም ሳይሆኑ መሳፍንቶቻቸውን ከጉብታ ሥር ይቀብሩ ነበር። ከሩቅ አገር በንግድ የመጣ የመስታወት ዶቃና ጥቁር የሸክላ ዕቃ አብሯቸው ይቀበራል። ገድላትን የጻፉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሕዝብ «አረመኔ» ብለው ያልፉታል፤ ስሙን የነገረ ግን የለም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጉብታ መሥራቱ ቀረ። ሰዎቹ ግን በአንድ ሌሊት አልተሰወሩም፤ ልጆቻቸው ተጠምቀው ወይም ሰልመው፣ ከጎረቤት ጋር ተጋብተው በዚያው አገር እንደኖሩ መገመት አያዳግትም። ዛሬ «የእነዚያ የጥንቶቹ» ብሎ በጣቱ የሚያመለክተው የመንዝ ገበሬ ምናልባት የቅድመ አያቶቹን መቃብር እያሳየ ነው።

ባለቤት የሌለው መቃብር ዕጣው ይታወቃል። የጥያ ትክል ድንጋዮች ሰይፍ ተቀርጾባቸዋልና እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ እነርሱም የመቃብር ምልክቶች ናቸው። ጉብታ ግን ሰይፍ የለበትም፤ ፎቶግራፍም አያምርበትም። ካብ ለሚክብ፣ መንገድ ለሚደለድል፣ ማሳውን ለሚያሰፋ ሰው የተዘጋጀ ድንጋይ ነው፤ ሌላ ድንጋይ የሌለው ገበሬም በዚህ አይወቀስም። መጀመሪያ የሚነሡት በዙሪያው ያሉት ትልልቆቹ ናቸው፤ እነርሱ ከተነሡ አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል፣ ዶቃውም በማረሻ ይወጣል። አጥኚ እንዲህ የወጣ ዶቃ ቢደርሰው የት አገር እንደተሠራ ሊለየው ይችል ይሆናል። በሕፃን አንገት ላይ ይሁን በመስፍን ክንድ፣ አንድ ብቻውን ይሁን ከሺህ ጋር የተቀበረው ግን ከእንግዲህ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።