ሙልጭ ያለ አንገት ዋጋው ስንት ነው?

የስክሪን ልምምድ ያለን ቀን የወንዶቹን አገጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሙልጭ! ችግሩ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን ይመጣል። አገጭ ስርና ጉሮሮ ላይ ምስር የሚያካክሉ እብጠቶች ይደረደራሉ። ያሳክካሉ፣ ሲነኳቸውም ያማሉ። ያኔ ሁሉም ሐኪም ይሆናል። አንዱ "የደም ሙቀት ነው" ይላል፣ ሌላው "አይታጠብም እንዴ?" ብሎ ያንሾካሹካል። ባለቤቱ ደሞ ኮሌታውን ወደ ላይ እየሳበ ይውላል። እኔም ኮሌታ ከሚስቡት አንዱ ነኝ።

ነገሩ ግን የንጽሕና ሳይሆን የፀጉር ቅርጽ ጉዳይ ነው። እንደ ብዙዎቻችን ከርዳዳ ፀጉር ያለው ሰው ቆዳውን ወጥሮ በምላጭ ሲላጭ ፀጉሩ ከቆዳው በታች ይቆረጣል፣ ጫፉም ይሾላል። ማደግ ሲጀምር ታዲያ ቀጥ ብሎ በመውጣት ፈንታ ይጠመዘዝና የገዛ ባለቤቱን ቆዳ ይወጋል። ሰውነትም እንደ ባዕድ ነገር ይቆጥረውና ቦታው ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ይመግላል። እንግዲህ እብጠቱን ለማጥፋት ይበልጥ አጥብቆ መላጨት እሳትን በቤንዚን እንደማጥፋት ነው። ፀጉሩ ቀጥ ያለውን የማስታወቂያ ሰውዬ አይቶ እሱን መምሰልም "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" የሚያሰኝ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቀዳሚው መድኃኒት ምላጩን ማሳረፍ ነው። አራት ሳምንት ያህል ሳይላጩ ቢቆዩ አብዛኛው ፀጉር ራሱ ነቅሎ ይወጣል። በሞቀ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ቦታው ላይ ማድረግ ያግዛል። ፀጉሩን በወረንጦ መንቀል ግን አይገባም፣ ሲያድግ ተመልሶ ይወጋል። ሳሊሲሊክ አሲድ ወይም ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለባቸው ቅባቶች ይጠቅማሉ። የስቴሮይድ ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ መቀባት ግን ቆዳን ያሳሳል። መግል ከበዛ ወይም ጠባሳው እያበጠ ከሄደ የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ለመከላከል ደግሞ ከምላጭ ይልቅ ቶንዶስ ይሻላል። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ፀጉር ይቅር። የግድ በምላጭ ከሆነም በሞቀ ውሃ አለስልሶ፣ ቆዳውን ሳይወጥሩ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ መላጨት። አንገት ላይ አቅጣጫው ስለሚለያይ አስቀድሞ በጣት መዳሰስ ነው። ፀጉር ቤት ስንገባም "ጋሼ፣ አንገቴን ዜሮ እንዳታደርገው" ማለት ነውር የለውም። እያቃጠለ የሚረጨው አልኮል ፀጉሩ ተጠምዝዞ እንዳይገባ አያደርገውም። ምላጭ አለመጋራት ግን የግድ ነው፣ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ በደም ይተላለፋሉና።

የቀረው የእኛ የጋዜጠኝነት ሰዎች ድርሻ ነው። "ጸዳ ብላችሁ ኑ" ስንባል ጽዳት ማለት ሙልጭ ማለት ብቻ ይመስለናል። በየሳምንቱ አንገቱን እያደማ ካሜራ ፊት የሚቆም ልጅ ሐሳቡ ዜናው ላይ ሳይሆን ኮሌታው ላይ ነው። ስለዚህ ለመምህሮቻችን አንዲት ልመና አለችኝ። በቶንዶስ የተስተካከለች የአንድ ሚሊ ሜትር ፂም እንደ ንጽሕና ትቆጠርልን። ተመልካች የሚሰማው ድምፃችንን ነው፤ አገጫችንን ዳስሶ አያረጋግጥም።