በቀቀንና ባዶው ጥድ

በቀቀን የሰውን ንግግር በመድገሙ በዓለም ሁሉ የታወቀ ወፍ ነው። ነገር ግን በዱር ሳለ የሰውን ቃል አይናገርም፤ ባልንጀሮቹን የሚጠራበት የራሱ ድምፅ አለውና። ብቻውን በሽቦ ቤት የተዘጋ እንደ ሆነ ግን የወገኖቹን ድምፅ ስለሚያጣ ከሰው የሚሰማውን ይማራል። ስለዚህ በቀቀንን ለማወቅ የሚወድ ሁሉ በዛፍ ላይ ሊመለከተው ይገባል።

በዓለም ወደ 400 የሚደርስ የበቀቀን ዓይነት አለ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በአገራችን ይኖራሉ። አንደኛው ገላው አረንጓዴ፥ ፊቱ ቢጫ የሆነው በቀቀን ነው፤ ይህም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር ዱር አይገኝም። ሁለተኛው የክንፉ ላባ ጥቁር የሆነው ትንሹ በቀቀን ነው፤ እርሱም በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ይኖራል። ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የወንዱ ግንባር ቀይ ነው፤ ሴቲቱ ግን ይህ ምልክት የላትም። መንቁራቸው የሁለቱም ቀይ ነው።

እኔ የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቅ በጎሮ ነው። በዚያም ይህን ትንሽ በቀቀን ማለዳና ማታ አየዋለሁ። ጥቂት ጥቂት ሆነው እየጮኹ በፍጥነት ይበርራሉ። ምግባቸው የጥድ ፍሬ፥ ሾላና ልዩ ልዩ ዘር ነው። ከጣቶቻቸው ሁለቱ ወደ ፊት፥ ሁለቱ ወደ ኋላ ስለ ሆኑ ቅርንጫፉን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ወደ ላይ ሲወጡም መንቁራቸው እንደ ሦስተኛ እግር ያገለግላቸዋል።

ይህ ወፍ በቅርንጫፍ ላይ ጎጆ አይሠራም፤ የሚያድረውም የሚወልደውም በቀዳዳ ውስጥ ነው። ቀዳዳውም ዛፉ በማርጀቱ የተቦረቦረ፥ ወይም ግንደ ቆርቁር የፈለፈለው ነው። ሴቲቱ ለስላሳ ነገር በላባዋ መካከል ሸጕጣ ወስዳ ታነጥፋለች፤ ብዙ ጊዜ 4 ያህል እንቍላል ጥላ 25 ቀን ያህል ትታቀፋለች። ጫጩቶቹም 7 ሳምንት ያህል በዚያው ይቀመጣሉ።

ጎሮ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት እርሻ ነበረች፤ ዛሬ ግን በቤት ስለ ተሞላች የቀሩት አሮጌ ዛፎች ጥቂቶች ናቸው። አንድ ጎልማሳ ጎረቤቴ በግቢው ያለውን አሮጌ ጥድ ሊቈርጥ ምሣር አነሣ። «የኔታ፥ ውስጡ ባዶ ነው፤ ለምሰሶም ለሣንቃም አይረባም። በስፍራው የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች እሠራለሁ» አለኝ። እኔም «ልጄ፥ ኪራዩ ለልጆችህ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ ነገር ግን እስከ ማታ ታገሥ» አልሁት።

ፀሐይ ስትጠልቅ 6 በቀቀኖች መጥተው በጥዱ ላይ ዐረፉ፤ ተራ በተራም በቀዳዳው ገቡ። ጎረቤቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ለካ ተከራይ ኖሮበታል!» አለ። ጥዱንም ትቶ በግቢው ሌላ ወገን አንድ ጠባብ ክፍል ሠራ። የሚያገኘው ኪራይ አነሰ፤ ጥዱ ግን እስከ ዛሬ ቆሞአል።

ችግኝ መትከል መልካም ነው፤ ሆኖም ችግኝ ለአሮጌው ዛፍ ምትክ ፈጥኖ አይሆንም። ዛሬ አንድ ልጅ የተከለው ጥድ፥ ልጁ ሸምግሎም እንኳ ለበቀቀን ማደሪያ የሚሆን ቀዳዳ ላያወጣ ይችላል።

ልጆች ሆይ፥ የበቀቀንን ጫጩት ከቀዳዳው አታውጡ፤ የሚያወጣም ሰው ስታዩ ለታላላቆቻችሁ ንገሩ። አሮጌ ዛፍ የሚቈረጥ እንደ ሆነም «ባዶ ነው» ከማለታችሁ በፊት፥ ማታ በሥሩ ቆማችሁ ማን እንደሚገባበት ተመልከቱ።