ጣና ዳር በልክ ለሚሮጥ ሰው ሦስት መንገዶች

ሩጫ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ በቆጂ፣ ወደ እንጦጦና ወደ ሱሉልታ ይሄዳል። ሯጭ ሲባል አገሩን ወክሎ የሚወዳደር ቀጭን ወጣት ብቻ ይታየናል። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ ይህን አስተሳሰብ በጥቂቱም ቢሆን ቀይሮታል። ቢሆንም እናቶችና አባቶች በዓመት አንድ ቀን ካናቴራ ለብሰው ይወጡና በማግሥቱ ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ።

ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሳገለግል የስንቱን ሰው ደም ግፊት እንደለካሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ለብዙዎቹ «እንቅስቃሴ አድርጉ» እላቸው ነበር። መልሳቸው ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ «የት ሄደን ሲስተር?» ጥያቄው እውነተኛ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ዳገት አይወጣም፤ መኪና የሚጋፋበት መንገድ ላይም ልቡ አይረጋም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በምኖርባት ባሕር ዳር ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልስ አግኝቻለሁ። እንደ መድኃኒት ሁሉ መንገዱም መጠን ስላለው፣ ሦስቱን ለሦስት ዓይነት ሰው ከፍዬ አቀርባቸዋለሁ።

አስቀድሞ ስለ ቦታው ትንሽ ልበል። ጣና ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። በውስጡ ወደ 37 የሚጠጉ ደሴቶች አሉ፤ በብዙዎቹ ላይ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ትንፋሹ ይቀለዋል፤ የሚፈትነው ሙቀቱ ነው። ከዱባይ ወይም ከጅዳ ለእረፍት ለሚመጡ ልጆቻችን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከባሕር ጠረፍ ስለሚመጡ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት በእግር ጉዞ ብቻ ቢያሳልፉ ይሻላቸዋል።

የመጀመሪያው መንገድ፤ ለጀማሪና ከሕመም ለሚያገግም

ይህ መንገድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነስቶ የሐይቁን ዳር ተከትሎ ይሄዳል። ሜዳ ነው። ዘንባባውና ትልልቆቹ ዋርካዎች ጥላ ይሰጣሉ። በማለዳ ሲወጡ ዓሣ አስጋሪዎች ከደንገል በተሠራች ታንኳ ቀስ ብለው ሲቀዝፉ ይታያሉ፤ ወፉም ከሰው ቀድሞ ነቅቶ ይጠብቃል። ሲደክምዎ ቁጭ የሚሉበት አይጠፋም፤ ሻይ የሚያፈሉ እናቶችም ከመንገዱ አይርቁም።

ይህን መንገድ የማስቀድመው በምክንያት ነው። ባለቤቴን ከጥቂት ዓመታት በፊት ስትሮክ መቶት ግራ እግሩ ደክሞ ነበር። ሐኪሙና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው «አሁን ይውጣ» ሲሉን ይዤው የመጣሁት እዚህ ነው። ርቀቱን የምንለካው በዛፍ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ ዋርካ እስከ ቀጣዩ ዘንባባ ሄደን ተመለስን። ቤት ውስጥ «ተነስ፣ ተንቀሳቀስ» ስለው የሚቆጣው ሰው፣ ሐይቁ ዳር ሲደርስ «እስቲ እዚያች ታንኳ ጋ እንድረስ» ይለኝ ጀመር። እኔ ስለ እግሩ እጨነቃለሁ፤ እሱ ታንኳዋን ያያል። በአራት ወር ውስጥ ዱላውን ለመተማመኛ ብቻ ይዞት ይሄድ ነበር። ዛሬም አይሮጥም። እኔ ሶምሶማ እያልኩ ቀድሜ እሄዳለሁ፤ ዛፍ ሥር ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ ሲደርስ ይስቅብኛል።

ታዲያ ይህ መንገድ ሁሉም ቦታ ክፍት አይደለም። እዚህም እዚያም አጥር ይገጥማችሁና ወደ አስፋልቱ ዞራችሁ ትመለሳላችሁ። አጥሩ ለወጣት ሯጭ ሁለት ደቂቃ ቢያስጨምረው ነው። ዱላ ለያዘ ሰው ግን የቀኑ ጉዞ እዚያ ያበቃል። የሐይቁን ዳር የሚያለሙ ሁሉ ይህን ልብ ቢሉልን ደግ ነው።

ሁለተኛው መንገድ፤ ልቡና ጉልበቱ ደህና ለሆነ

ወደ ጎንደር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዛችሁ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጉዞ ወደሚጀምርበት አቅጣጫ ትሄዳላችሁ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ለእግረኛና ለብስክሌትም ቦታ ተትቶለታል። እዚያ ላይ ቆሞ ወንዙን ማየት ብቻውን የመጡበትን ድካም ያስረሳል። ብርታት ያለው ሰው ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ያቀናል። በኮረብታው ላይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ይገኛል፤ ከታች ዓባይ ሲጠማዘዝ፣ ከተማዋና ሐይቁም በአንድ ላይ ይታያሉ።

ዳገቱን በሩጫ ለመውጣት መሽቀዳደም አያስፈልግም። እኛ አምስት ሴቶች ሆነን ነው የምንሄደው፤ ታናሻችን 50 ዓመት አልፏታል። ሜዳውን በሶምሶማ፣ ዳገቱን በእግር፣ ቁልቁለቱን በጥንቃቄ እንሄዳለን። ቁልቁለት መሮጥ ትንፋሽ ስለማያስጨንቅ ቀላል ይመስላል፤ ጉልበት የሚጎዳው ግን እዚያ ላይ ነው። ከኋላ የቀረችውን ሳንጠብቅ የምንሄድበት ቀን የለም።

በዚህ መንገድ አንድ ጉዳይ አደራ እላለሁ። ዓባይ ዳር ጉማሬ አለ። ጉማሬ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ ያድርና ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል። ስለዚህ ፀሐይ ሳትወጣና ከመሸ በኋላ በወንዙ ዳር አትሂዱ። ከሩቅ ካያችሁትም በእሱና በውሃው መካከል አትግቡ።

ሦስተኛው መንገድ፤ መሮጥ ለለመደና ጊዜ ላለው

ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስሄዳል፤ በመኪናም ይደረሳል። ብዙ ሰው ደሴት ይመስለዋል እንጂ ወደ ሐይቁ ገባ ያለ ልሳነ ምድር ነው። ከጀልባ ወርዳችሁ ጥቂት እንደሄዳችሁ ደን ውስጥ ትገባላችሁ። ከላይ ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች፣ ከሥራቸው ቡና፣ በየመሃሉ ጌሾና ሎሚ ይታያል። ጦጣው ቅርንጫፍ ሲቀያይር ከሚሰማው ድምፅ በቀር ዝም ያለ ቦታ ነው።

ደኑ እንዴት ቆየ ለሚል ሰው መልሱ ከእምነቱ ጋር የተያያዘ ነው። በአካባቢው ሲነገር እንደኖረው፣ አቡነ በትረ ማርያም ከተባሉት ጻድቅ ዘመን ጀምሮ በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ አልተፈቀደም። ሕዝቡ የሚተዳደረው በዛፍ ሥር በሚያድገው ቡና ስለሆነ ዛፉ ቢቆረጥ ኑሮው አብሮ ይቆረጣል። እኛ ዛሬ ጥላ ሥር የምንሮጠው ሌሎች ለዘመናት ስለጠበቁት ነው።

የደኑ መንገድ ጠባብ ነው፤ ሥርና ድንጋይ ስላለበት ዓይን ከመሬት መነሳት የለበትም። እኔ ግማሹን በሶምሶማ፣ ግማሹን በእርምጃ ነው የምሄደው። ገዳም ስትቃረቡ ሩጫውን ተዉት። ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ። በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል። ሴቶች እዚያ መግባት እንችላለን። እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ሴት የማይገባባቸው ገዳማትም ስላሉ ጀልባ ስትይዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመንገዱን ሰላምም እንዲሁ ከመነሳት በፊት ከአካባቢው ሰው ማጣራት ይገባል። አጠራጣሪ በሆነ ቀን የመጀመሪያው መንገድ ይበቃል።

ከመነሳታችሁ በፊት

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ለአምስት ቀን ሲከፋፈል በቀን 30 ደቂቃ ይሆናል። ልኩን ለማወቅ ሰዓት መግዛት አያስፈልግም፤ እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ ደህና ናችሁ። መዝፈን ከቻላችሁ ትንሽ ጨምሩ፤ ማውራት ካቃታችሁ ቀንሱ። ደረት ላይ መጫን፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ እዚያው ቁሙና ወደ ሕክምና ሂዱ። «ትንሽ ቀርቶኛል» የሚባል ነገር የለም።

የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩ፤ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ከሆነ በሙቀት ጊዜ የውሃ ነገር ይበልጥ ያሳስባል። ስኳር ያለባችሁ ከረሜላ ኪሳችሁ ይኑር፤ ቤት ስትገቡም የእግራችሁን ጣቶች አንድ በአንድ እዩ። ጫማ ያለ ካልሲ አይደረግም።

ከሩጫ በኋላ ሐይቁ ውስጥ እግር መንከር ደስ ይላል። ነገር ግን በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ተውሳኩ ከውሃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በጤነኛ ቆዳ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ቁስል አያስፈልገውም። እግራችሁን ቤት ታጠቡ። ውሃው ውስጥ ገብታችሁ ከነበረና ከሳምንታት በኋላ የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ከታየ ተመርመሩ፤ መድኃኒቱ አለ። ከክረምት ማብቂያ ጀምሮ ያሉት ወራት የወባም ወራት ስለሆኑ አጎበር አትርሱ። ትኩሳት ከመጣም የሩጫ ድካም ነው ብላችሁ አታሳልፉት።

ከሦስቱ ለእኔ የሚስማማው የትኛው ነው የሚል ሰው ካለ ምክሬ አጭር ነው፤ ከመጀመሪያው ይጀምር። ዘጌም ቤዛዊትም ይጠብቃሉ። ወላጅ ያላችሁ ደግሞ ለእረፍት ስትመጡ ጀልባ ብቻ ተከራይታችሁ አትመለሱ። አንድ ጠዋት እናታችሁን ወይም አባታችሁን ይዛችሁ በሐይቁ ዳር ሂዱ፤ ፍጥነቱን የሚወስኑት ግን እነሱ ይሁኑ።