የልጄ እንሽላሊትና የእኔ ስሕተት

በቤታችን እንሽላሊት እንቀልባለን ብል ከአንባቢዎቼ አንዳንዶቹ ፊታቸውን መቋጠራቸው አይቀርም። እኔም አስቀድሜ ቋጥሬ ነበር። እኛ ባደግንበት አገር እንሽላሊት በግንብ ሥር ፀሐይ ትሞቃለች እንጂ ከቤት ገብታ አትቀለብም። አሁን በምንኖርበት በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ፣ ግን ልጆች እንደ ድመት የሚያሳድጉት አንድ ዓይነት እንሽላሊት አለ። የዘር አገሩ የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ነው። በጉሮሮው ሥር ያለው እሾሃም ቆዳ ሲቆጣ ተነፍቶ ይጠቁርና ጢም ይመስላል፤ ስለዚህም በእንግሊዝኛ «ቢርድድ ድራገን»፣ ማለት «ጢማም ዘንዶ» ይሉታል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ጠባዩ የዋህ ነው።

ልጄ 10 ዓመት ሲሞላው ይህን እንስሳ ለመነኝ፤ ገዛሁለትም። ያን ጊዜ ገና ትንሽ ነበረና በየቀኑ ፌንጣና ትል እየበላ አደገ፤ በሁለተኛው ዓመት ከነጅራቱ አንድ ክንድ ያህል ሆነ።

ስሕተታችን ከዚህ ይጀምራል። ለትንሹ የሚስማማው ቀለብ ለጎልማሳው አይስማማም። ይህ እንሽላሊት በልጅነቱ የሚበዛው ምግቡ ፌንጣና ትል ነው፤ ዓመት ወይም ዓመት ተኩል ካለፈው በኋላ ግን ከ5 እጅ 4 እጁ ቅጠልና አትክልት ሊሆን ይገባዋል። እኛ ግን ትሉን ባየ ጊዜ እየሮጠ ስለሚመጣ፣ ደስታው ጤና መስሎን በየቀኑ ሰጠነው። ወፈረ፤ እኛም ደስ አለን።

ሁለተኛው ስሕተት የእኔ ብቻ ነው። እንስሳው በምግቡ ያገኘው ካልሲየም አጥንቱን እንዲያጠነክርለት ቫይታሚን ዲ 3 ያስፈልገዋል፤ ይህንንም ቆዳው የሚሠራው ዩቪቢ የሚባለው የፀሐይ ጨረር ሲያገኘው ነው። ከቤት ለማይወጣ እንስሳ ይህን ጨረር የሚሰጥ ልዩ መብራት ይበራለታል። ዳሩ ግን መብራቱ ለዓይን እንደ በራ ሳለ ጨረሩ በወራት ውስጥ ይደክማል። ልጄ «አባዬ፣ መብራቱ ዓመት አልፎታል፤ እንለውጠው» ባለኝ ጊዜ፣ «የሚበራ መብራት ስለ ምን ይለወጣል? ደግሞስ ሳጥኑ በመስኮት አጠገብ ነው፤ ፀሐይ መቼ አጣ?» ብዬ መለስሁለት።

አንድ ቀን ማታ የእንሽላሊቱ የፊት እግሮች ተንቀጠቀጡ፤ ደረቱንም ከመሬት ማንሣት አቃተው። የእንስሳት ሐኪሟ መንጋጋውን በጣቷ ብትነካው ለስልሶ ነበር፤ በራጅ ብታየውም አጥንቱ ሳስቷል። የመስኮት መስተዋት ብርሃኑንና ሙቀቱን ያስገባል እንጂ ያን ጨረር አብዛኛውን እንደሚያስቀር የነገረችን እርሷ ናት። ስንመለስ ልጄ በመኪናው ውስጥ «አባዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» አለኝ። «አይደለህም ልጄ፤ አንተስ ነግረኸኝ ነበር» አልሁት። ይህን ስናገር ያፈርሁትን ያህል ያፈርሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ልትጠይቀን ከአገር ቤት የመጣችው እናቴ ነገሩን ሰምታ፣ «አንተን ጠዋት ጠዋት ቅቤ ቀብቼ ፀሐይ ሳሞቅህ በመስተዋት ውስጥ ነበር እንዴ? ደጅ አውጥቼ ነው እንጂ!» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ተለወጠ። ለወጥ ከምንገዛው ጎመን ላይ ሳይቀቀል፣ ዘይትና ሽንኩርትም ሳይነካው፣ በየጠዋቱ ተከትፎ ይቀርብለታል፤ ዱባም ተፈቅፍቆ ይጨመርበታል። ቆስጣና ስፒናች ካልሲየምን አስሮ የሚያስቀር ኦክሳሌት ስለሚበዛባቸው አናዘወትርለትም። አቮካዶ ከቶ አይሰጠውም፤ በዚህ አገር በበጋ ምሽት በሣሩ ላይ ብልጭ ድርግም የምትለው ጥንዚዛም መርዝ ናትና አንዲቱ ብቻ ልትገድለው ትችላለች። ፌንጣው በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ሆነ፤ እርሱም አስቀድሞ አንድ ቀን ቅጠል ይቀለባል። በፌንጣ ሰውነት ውስጥ ፎስፎረስ ከካልሲየም ስለሚበልጥ፣ ፎስፎረስ የሌለበት የካልሲየም ዱቄት ይነሰነስበታል። የቫይታሚኑን ዱቄት ግን ሐኪሟ በለካችው መጠን ብቻ እንሰጠዋለን፤ ዲ 3 ሲጎድል እንደሚጎዳ ሁሉ ሲበዛም ይጎዳልና። የሚሞቅበት ድንጋይ ሙቀትም 40 ዲግሪ ያህል መሆኑን ልጄ በየቀኑ ይለካል።

ከወራት በኋላ መንቀጥቀጡ ተወው፤ መንጋጋውም ጠነከረ። ቀኝ የፊት እግሩ ግን እንደ ጎበጠ ቀረ። እየጎተታት ወደ ጎመኑ ሲሄድ ባየሁ ቁጥር ያን የከለከልሁትን ገንዘብ አስባለሁ።

አዲሱ መብራት የገባበትን ቀን ሳጥኑ ላይ በእጄ ጽፌበታለሁ። 6 ወር ሲሞላ ልጄ መጥቶ ቀኑን በጣቱ ያሳየኛል፤ ቃልም አይናገርም። እኔም መብራቱ እየበራ መሆኑን ሳላነሣ ቦርሳዬን አወጣለሁ።