ብርቱ ብላችሁ ለምትጠሩኝ

በሆሳዕና አንድ ሰው ካንሰር አለብህ ሲባል ቤተሰቦቹ ወደ እኔ መምጣት ለምደዋል። ከሾኔ፣ ከዱራሜና ከሺንሺቾ የሚደውሉልኝም አሉ። «ጋሼ፣ እርስዎ አልፈውታል፤ እባክዎ መጥተው ያነጋግሩልን» ይሉኛል። እሄዳለሁ። ስመለስ ብርቱ ሰው፣ እምነቱ የጸና ሰው እባላለሁ። ይህን ምስጋና ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀብያለሁ። ዛሬ ግን ያልተናገርኩትን ልናገር። ወደ ሕሙማን የምሄደው ስለምፈራ ነው። ፍርሃቴ ከሆስፒታል ስወጣ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም አብሮኝ አለ።

ሕመሜ የጀመረው በተረከዜ ላይ በወጣ ጥቁር ነጥብ ነው። ያደግኩት ከምባታ፣ አንጋጫ ወረዳ ውስጥ በባዶ እግሬ ስለሆነ እግሬ ጠባሳ አያጣም። ነጥቡን መጀመሪያ ያየችው ባለቤቴ ናት፤ ተሰብሮ የቀረ እሾህ መሰላት። እየቆየ ግን ጠርዙ እየተዛነፈ ሰፋ፤ መልኩ አንዱ ጋ ጥቁር፣ አንዱ ጋ ቡናማ ሆነ፤ ከዚያ ሳይመታ ይደማ ጀመር። ባለቤቴ ይዛኝ ሆሳዕና ወደሚገኘው የንግስት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ሄድን። ከዚያም ሪፈር ተጽፎልኝ በቡታጅራ መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ ገባን።

የቆዳ ካንሰር የነጮች በሽታ ይመስለኝ ነበር። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ይከላከላልና እኛን አይነካንም ብዬ አስብ ነበር። ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳኝ። ሜላኖማ የሚነሣው ለቆዳችን ቀለሙን ከሚሰጡት ሕዋሳት ነው። በእኛ በጥቁሮች ላይ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ቀለሙ በሳሳበት ቦታ ይወጣል፤ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር። ይህኛው ዓይነት በፀሐይ የሚመጣ አይደለም። ቦብ ማርሊን የገደለውም ይኸው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ተገኘበት፤ በዓመቱ ሻሸመኔን መጥቶ ጎበኘ፤ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። ሻሸመኔ ለእኛ ቅርብ ናት፤ ዘፈኖቹን በየመኪናው እየሰማን ነው ያደግነው። ምን እንደገደለው ግን የነገረን ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ኑዛዜው ልግባ። ካንሰር መሆኑ ሲነገረኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐፍረት ነበር፤ ሞትን ያሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ አገር ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የኖረ ሰው ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። እግሩ ያበጠበት ሰው ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም ዳር ይቀመጣል፤ ልጆቹን ለጋብቻ የሚጠይቅ ይጠፋል። ሕመሙ የሚመጣው ከአፈሩ መሆኑ፣ ጫማና ንጽሕና እንደሚከላከሉት እየታወቀ ሰው ይርቃቸዋል። እኔ መምህር ነኝ፤ እያነከስኩ ስሄድ «የመምህሩ ቤት ዝሆኔ አለ» እንዳይባል ፈራሁ። ለሴቶች ልጆቼ ሰጋሁ። ይህን ሳስብ ሌላ ነገር ተገለጠልኝ፤ እግራቸው ካበጠ ሰዎች ጎን መቀመጥ እኔንም ይከብደኝ ነበር። የፈራሁት ዓይን የራሴ ዓይን ነበር።

ከዚህ የከበደው ግን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በተኛሁበት ክፍል የሆነው ነው። ሐኪሞች ሜላኖማን የሚለኩት በጥልቀቱ ነው፤ ወደ ቆዳው ምን ያህል እንደገባ በማይክሮስኮፕ አይተው በሚሊ ሜትር ይጽፉታል። 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ ተስፋው ትልቅ ነው፤ ከ4 ሲያልፍ ያሳስባል። የእኔ ከሁለቱ መካከል ላይ ነበር። አጠገቤ ባለው አልጋ ላይ የእኔው ዓይነት ሕመም ያለበት፣ በዕድሜም የምንቀራረብ ገበሬ ተኝቶ ነበር። ውጤቱን የሰጡት ቀን እንዳነብለት ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ከ4 በላይ ነበር። ያን ቁጥር ሳይ ደስ አለኝ። ልቤ ውስጥ የሆነውን በሌላ ቃል ላለዝበው አልፈልግም፤ የሱ ከእኔ የከፋ በመሆኑ ደስ አለኝ። ዕጣው በሱ ላይ ከወደቀ እኔን የሚያልፈኝ መሰለኝ።

እሱ ግን «የአንተስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ፊቱ በራ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተ ትተርፋለህ» አለና ሚስቱ ካመጣችው ምሳ አጎረሰኝ። ያንን ጉርሻ ዋጥኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አመስግኖኝ በውስጤ እሱን ያላስታወስኩበት ጊዜ የለም። ከእሱ ሕመም ደስታ እየወሰድኩ እሱ ከእኔ ተስፋ ደስታ ወሰደ። ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ አልተገናኘንም። ይቅርታ ልጠይቀው ብፈልግም የት እንዳለ አላውቅም። ስለዚህ ለእሱ ማድረግ የነበረብኝን ለሌላው አደርጋለሁ። መልካም ሥራዬ ከምን ሥር እንደበቀለ ሰው ይወቅልኝ።

ቀዶ ሕክምናው ነጥቡን ከነዙሪያው ጤነኛ ቆዳ አወጣው። ከጭኔ ቆዳ ተወስዶ ተረከዜ ላይ ተተከለ፤ በሽታው ወደ ብሽሽቴ እጢ መዛመት አለመዛመቱም ታየ። ወጪውን በአብዛኛው የሸፈነው ደቡብ አፍሪካ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ነው። ሆሳዕና ውስጥ ከልጆቹ አንዱን ወደዚያ ያልላከ ቤት ማግኘት ይከብዳል። እነዚህ ልጆች በየታውንሺፑ ሱቅ ውስጥ ዘረፋንና ጥይትን እየፈሩ እንደሚሠሩ ሁላችንም እናውቃለን። ገንዘቡ ሲደርሰኝ ከማመስገኔ በፊት ተቆጣሁ፤ የልጁን አደጋ የእኔ እግር እየበላው መሰለኝ። ለባለቤቴ «አቁሙ፣ ይበቃል» ስላት «አንተን ለመቅበር የሚመጣበት ትኬት ከዚህ አይረክስም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኳትም። ሰው ሲረዳኝ መቀበልን የተማርኩት በዚያ ቃል ነው። ለሌሎች መስጠት ሁልጊዜ ይቀለኝ ነበር፤ መቀበል ግን ትዕቢቴን ይነካዋል።

ወደ ሆሳዕና ስመለስ በምሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት እንድሰጥ ተጠየቅሁ። በሀዲያና በከምባታ እሑድ ጠዋት ማለት ምስክርነት ነው፤ የተፈወሰ ሰው ቆሞ ይናገራል፣ ጉባኤው እልል ይላል። ፈውስ አምናለሁ፤ እግዚአብሔር በሐኪም እጅም እንደሚሠራ አምናለሁ። ግን ቆሜ «ፈጽሞ ድኛለሁ» ማለት አልቻልኩም። «ተቆርጦ ወጥቷል፤ ሊመለስ ይችላል። በየጊዜው እመረመራለሁ። ሌሊት ሌሊት እፈራለሁና ጸልዩልኝ» አልኩ። እልልታ አልተሰማም። እምነት እንዳነሰኝ የቆጠሩት ነበሩ፤ አንድ ወንድምም መጥቶ በቀስታ ገሠጸኝ።

ሕዝቡ ሲበተን አንዲት እናት በበሩ ጥግ ጠበቁኝ። ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ጡታቸው ላይ እብጠት እንዳለ፣ ለልጆቻቸውም እንዳልተናገሩ ነገሩኝ። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉም ይልቅ የሚበዛው የጡት ካንሰር ነው። «የሚመሰክረው ሁሉ የዳነ ነው፤ እንደኔ የሚፈራ ሰው ስሰማ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ። ለሰው የምሰጠው ነገር እንዳለኝ ያወቅኩት በዚያች ሰዓት ነው። እኒህን እናት ከተደበቁበት ያወጣቸው ፍርሃቴን ማወቃቸው ነው። ብርታት አሳይቻቸው ቢሆን ዝም ብለው ቤታቸው ይገቡ ነበር። በማግሥቱ ከባለቤቴ ጋር ሆነን ይዘናቸው ሆስፒታል ሄድን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አጅቤያለሁ። የቆዳ ካንሰር በእኛ አካባቢ ብዙ መልክ እንዳለውም አይቻለሁ። ከሶሮ የመጡ አንዲት ሴት በሕፃንነታቸው እንሰት ከሚጋገርበት ምድጃ ወድቀው ጭናቸው ተቃጥሎ ነበር። ጠባሳው ከብዙ ዓመታት በኋላ አመርቅዞ አልድን አለ። የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ እንደ ተዳፈነ ፍም ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ቆይቶ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ማርጆሊን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከጠባሳ ላይ ስለሚነሣ እንዲህ ያለ ቁስል የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1828 ነው። ምድጃው ከቤቱ መሐል በሚነድበት አገር፣ የሚጥል በሽታ ያለበትም እሳት ላይ በሚወድቅበት አገር፣ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሴትዮዋ እግዚአብሔር የቀጣቸው መስሏቸው ነበር። «ቁስል ነው እናቴ፣ ኃጢአት አይደለም» አልኳቸው። ያን ስል ለራሴም እየተናገርኩ ነበር።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት አልቢኒዝም ያለበት ልጅ አለ። በእሱ ላይ ግን ፀሐይ እውነተኛ ጠላት ናት። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስላል እንጂ ጨረሯ ከቆላው የበረታ ነው። የልጁ ከንፈርና ጆሮ ቆስሎ አየሁ። ክንፈ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ገዛንለት፤ ሰልፍ ላይ ጥላ ሥር እንዲቆም፣ ክፍል ውስጥም ሰሌዳው ስለማይታየው ፊት እንዲቀመጥ ተስማማን። ቁስሉ ናሙና ተወስዶ ታየ፤ ካንሰር አልሆነም። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ግን ውድ ነው፤ ለእንደሱ ያለ ልጅ መዋቢያ ሳይሆን መድኃኒት መሆኑን ለመምህራን ሁሉ እናገራለሁ።

በዕድራችንም ሐሳብ አነሣሁ። ዕድር ለቀብር ነው፤ ሬሳ ሲወጣ ድንኳኑም ገንዘቡም ሰውም ሞልቶ ይገኛል። ሰው በሕይወት እያለ የመሳፈሪያ አጥቶ የሕክምና ቀጠሮ ሲያልፈው ግን የሚጠራ ዳኛ የለም። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ሪፈር ለተጻፈለት አባል የመንገድ ብድር እንዲሰጥ ተወሰነ። ትንሽ ነው፤ ግን አንድ ሰው ቀጠሮው ሳያልፍ አዲስ አበባ ይደርስበታል። እዚያ ከደረሰ ደግሞ የማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ ይሰጣል። ድርጅቱን ያቋቋሙት አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸውን ማቴዎስን በደም ካንሰር ያጡ አባት ናቸው። ይህን ለሕሙማን ስነግራቸው በሐዘን የተሰበረ ሰው ያነጸው ቤት እንዳለ ያውቃሉ።

ወደ ሕመምተኛ ቤት ስገባ የማደርገው ብዙ አይደለም። «ትድናለህ» አልልም፤ አላውቅምና። ወረቀቶቹን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ፤ የናሙናው ውጤት እንዳይጠፋ ፎቶ አነሣለሁ። ሐኪሙን የምንጠይቀውን አብረን እንጽፋለን፤ በድንጋጤ ሰዓት ጥያቄ ከአፍ ይጠፋልና። ከጠየቀኝ ስለራሴ ፍርሃት እነግረዋለሁ፤ ሲያለቅስ ዝም እላለሁ። አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱ ይሞታል። ሲሞት ለቅሶ ተቀምጬ ወደ ቤቴ ስመለስ ተረከዜንና ብሽሽቴን እዳስሳለሁ። አሁንም «እኔን አለፈኝ» የሚል ድምፅ በልቤ ይነሣል። ድምፁ እስክሞት የሚጠፋ አይመስለኝም። ሆኖም እሱን ሰምቼ እቤቴ አልቀርም፤ በማግሥቱ ሌላው ቤት እገኛለሁ። ንስሐዬን ያገኘሁት በዚህ ነው።

ይህን ለምታነቡ ሁሉ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ዛሬ እግራችሁን ስትታጠቡ ውስጥ እግራችሁን፣ ተረከዛችሁንና ጥፍራችሁን እዩ፤ የወላጆቻችሁንም እዩላቸው። መልኩ የሚለዋወጥ፣ የሚሰፋ ወይም የሚደማ ጥቁር ነጥብ ካለ፣ የማይድን ቁስል ወይም ያመረቀዘ የቃጠሎ ጠባሳ ካለ ሐኪም ይየው። ዘመዳችሁ ወይም ጎረቤታችሁ የምርመራ ውጤት ሊሰማ ሲሄድ ደግሞ ብቻውን አትስደዱት። የምትሉት ባይኖራችሁም ሂዱ፤ ብትፈሩም ሂዱ። ወረቀቱ ሲነበብ ቁጥሩን አብሮት የሚሰማ፣ ሲወጣም አብሮት የሚሳፈር ሰው ይኑረው።