ለስንት ሰው ይምጣ?

የዛሬዋ ትንሽ ትረዝማለች፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡልኝ።

አሥረኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኩት ልጅ አሁን ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ሶፍትዌር ይማራል። የመመረቂያ ሥራው ሰዎች በቡድን ሆነው ምግብ የሚያዙበት የስልክ መተግበሪያ ነው። ሰሞኑን የገጾቹን ሥዕል በቴሌግራም ላከልኝና «ቲቸር፣ እርስዎ ቢጠቀሙበት የቱ ጋ ይቸገራሉ?» አለኝ። ኮድ የሚባል ነገር አላውቅም። ግን በዚህ ሥራ አሥር ዓመት ያህል ከባልደረቦቼ ጋር ምሳ በልቻለሁ፤ እሱን በደንብ አውቃለሁ።

ሥዕሎቹ ያምራሉ። አሠራሩ የውጪዎቹን ይመስላል። ኡበር ኢትስ ላይ እንዳለው አንዱ ሰው ትዕዛዝ ይከፍታል፣ ሊንኩን ለጓደኞቹ ይልካል፣ ሁሉም የየራሱን ይመርጣል፣ የተቆረጠው ሰዓት ሲደርስ ይዘጋል። ሒሳቡን አንድ ሰው ይችለዋል፣ ካልሆነም እያንዳንዱ የራሱን ይከፍላል። አንዱ በርገር አንዱ ሰላጣ ለየብቻው በሚበላበት ቢሮ ግሩም ነው። አዲስ አበባም ብትሆን ምግብ በስልክ ማዘዝ ከለመደች ቆይታለች፤ ዴሊቨር አዲስ ከተጀመረ አሥር ዓመት አልፎታል።

እኔን የከበደኝ የመጀመሪያው ገጽ ነው። «ምግብዎን ይምረጡ» ይላል። የእኛ ሰው ሲያዝ በዚህ ይጀምራል እንዴ? አስተናጋጇ መጥታ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ስንት ናችሁ?» ነው። ቀጥላ «ጾም ነው ፍስክ?» ትላለች። ከዚያ «አንድ ላይ ይሁን ለየብቻ?» የምግቡ ስም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሰባት ሰው ሰባት ምግብ አያዝም። «አራት በየዓይነቱ፣ ሁለት ሽሮ፣ በአንድ ትሪ አድርጊልን» ይባላል፤ ካነሰ ይጨመራል። የልጁ መተግበሪያ ግን ሰባት ሰው ስድስት ምግብ ሲያዝ «አንድ ሰው አልመረጠም» ብሎ ቀጥ ይላል።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ደመወዝ ሳይገባ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ «እኔ ዛሬ ቁርስ አርፍጄ ነው የበላሁት፣ አልራበኝም» የሚል ሰው አይጠፋም። መምህር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ያ ሰው ቁርስም አልበላም። «እኔ ልክፈልልህ» የሚለው የለም፤ ከረሃቡ ይልቅ ያ ነው የሚያመው። ለስድስት ሰው የሚሆን ይታዘዝና ሰባት ሆነን እንቀመጣለን። «ና እስቲ ቅመስ» ይባላል። አንዱ ጠቅለል አድርጎ ያጎርሰዋል። እንጀራው ሲሳሳ ተጨማሪ ይጠራል። የትኛው ጉርሻ በማን ብር እንደተገዛ ትሪው አይናገርም።

መተግበሪያው ግን ይናገራል። የክፍያው ገጽ ላይ የሁሉም ስም ተደርድሯል፤ የከፈለው አረንጓዴ፣ ያልከፈለው ቀይ። ከቀዩ ጎን «አስታውሰው» የሚል ደወል አለ፤ ማንኛውም የቡድኑ አባል ሊነካው ይችላል። ይሄን ሳይ እውነቱን ለመናገር ሆዴ ባባ። ቁርስ አርፍጄ በላሁ ያለው ሰው ስሙ ቀይ ሆኖ በሰባት ስልክ ላይ ሲበራ ታየኝ። እዚያ ቡድን ውስጥ ሁለተኛ አይገባም። አልራበኝም ብሎ ክፍል ውስጥ የተማሪ ደብተር ሲያርም ይውላል።

ይሄን ጻፍኩለት። ልጁ ደግሞ ጎበዝ ነው፣ ዝም ብሎ አይቀበልም። «ቲቸር፣ ታዲያ ሰብሳቢው ከኪሱ ከስሮ ይቅር?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዕቁብም ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ መዝገብ የሌለበት ገንዘብ ጠብ ነው። መዝገቡን ግን ጸሐፊው ይይዘዋል እንጂ ግድግዳ ላይ አይለጥፈውም። ማን እንደከፈለ ሰብሳቢው ብቻ ይይ፤ ለሌላው የቀረው የብር መጠን ይታየው፣ ያለ ስም። ሌላም ጨመርኩለት፤ የፈለገ ሰው ከድርሻው በላይ የሚያዋጣበት ቦታ ይኑር፣ የሱም ስም አይታይ። ድሮም በእጅ ስናዋጣ መቶ ብር ጣል አድርጎ መልሱን የማይጠይቅ ሰው ነበር።

ጾሙ ላይ ደግሞ ልጁ አሳቀኝ። ከእንግሊዝኛው ተርጉሞ «አትክልት ተመጋቢ» የሚል ምልክት አድርጓል። እናቴ ብታነበው «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት በሽታ ነው?» ትላለች። ጾም በለው፣ ፍስክ በለው፣ አለቀ። የሐይቅ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ስልክ ይፈታዋል ብዬ አልጠብቅም፤ ለዓሣ ለብቻው ምልክት አድርግለት አልኩት። ቀኑንም ስልኩ ራሱ ማወቅ አለበት። በ2018 ዓ.ም. የእኛ የግሸን ንግሥ፣ መስከረም 21፣ ረቡዕ ነው የዋለው፤ አርባ ሆኖ በአውቶቡስ የመጣ ማኅበር ምሳ ሲያዝ ክትፎ ቀድሞ ሊመጣለት አይገባም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ባሕረ ሐሳብ እኮ መደመርና ማካፈል ነው፤ ያስተማርኩት ለዚህ ነበር።

ወሎ ላይ ሌላም መስመር አለ። መምህራን ክፍላችን ሙስሊምም ክርስቲያንም ነው። ሥጋ ከታዘዘ ሁለት ትሪ ይሆናል፤ ማንም አይከፋውም፣ ስንለምደው የኖርነው ነው። ጾም ከሆነ ግን አንድ ትሪ ይበቃናል። ለዚህ ነው ማክሰኞ ቀን እንኳ «ሽሮ ይሁንልን» የሚል ሰው የሚነሳው። ሽሮ አምሮት እንዳይመስላችሁ። ልጁ «የሥጋው ዓይነት» የሚል ምርጫ ከታች ቀብሮታል። ወደ ላይ አውጣው፣ «ስንት ትሪ?» ከሚለው ጋር አድርገው አልኩት።

የኔትወርኩን ነገር ብዙ አልልም። እዚህ አምባው ሥር ሊንክ ልኮ ሰባት ሰው እስኪከፍተው ምሳ ሰዓት ያልቃል። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራው ሁሉ ትዕዛዙም በቁጥር ብቻ የሚሄድበት መንገድ ቢኖር ጥሩ ነው። ሰብሳቢው አንድ ሰው ከሆነ ደግሞ ኔትወርክ የሚያስፈልገው አንድ ስልክ ብቻ ነው፤ ሌሎቻችን በአፍ እንነግረዋለን።

ትናንት አዲስ ሥዕል ላከልኝ። የመጀመሪያው ገጽ «ስንት ናችሁ?» ይላል። ቀዩና ደወሉ ጠፍተዋል። «አማካሪዬ ግልጽነት ይጎድለዋል ብሎ ነጥብ ቢቀንስብኝስ?» ብሎ ፈርቷል። ነጥቡን የምሰጠው እኔ ብሆን ኖሮ አያሳስበውም ነበር፤ አሁን ግን እሱና አማካሪው ናቸው። ለመከራከሪያ እንዲሆነው ይሄንኑ ጽሑፍ አትሞ ይውሰድ ብዬዋለሁ።

አንድ ነገር ገና አልፈታንም። ስድስተኛ ፔሬድ ያለበት ሰው ምንጊዜም ዘግይቶ ይመጣል። እኛ ከትሪው አንድ ጥግ ሳንነካ እንተውለታለን፣ ወጡን ወደዚያ ገፋ አድርገን። ልጁ «ይሄን በምን ቁልፍ ላሳየው?» አለኝ። እስቲ እናንተም አስቡበት።